የሰው ልብስ

ካውያው ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቷል። ከሥሩ የነበረው ወፍራም ጨርቅ ከስሏል፤ እንጨቱም ተቦርቡሮ ከታች ወለሉ ይታያል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የረጩት ውሃ ከጣሪያው ቆርቆሮ አሁንም ጠብ ጠብ ይላል። እስከ ትናንት ድረስ ይህ ከፎቁ ጀርባ የተቀጠለ ክፍል የላውንደሪው መተኮሻ አዳራሽ ነበር።

“ይኸው እንግዲህ፣ ኢንስፔክተር” አለኝ ባለላውንደሪው፣ አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ። “ትናንት ከሥራ ስንወጣ ዋናዋ ተኳሽ ካውያውን ሶኬት ላይ ረስታው ሄደች። ነገሩ ግልጽ ነው።”

ነገሩ ግልጽ ነው የሚለኝ ሰው ደሜን ያፈላዋል። ግልጽ ቢሆን ኖሮ በዕረፍት ቀኔ ማን ይጠራኝ ነበር? ጣቢያ ውስጥ “ቁንዶ በርበሬዋ” የሚል ስም ያወጡልኝ በከንቱ አይደለም።

“እርስዎ ያን ሰዓት የት ነበሩ?”

“አብሬያቸው ወጥቼ በቀጥታ ሕንፃውን ከሚገዛኝ ሰው ጋር ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ጠይቁት። እኔ ምን አውቃለሁ! ቢሮ ነው የምቀመጠው፤ በዕድሜዬ ካውያ ይዤ አላውቅም።”

“ዘበኛውስ?”

“ምስኪን፣ ሆስፒታል ነው። ጭሱን አይቶ ዘሎ ገብቶ ሁለት እጁ ተቃጠለ። ይኼም በእሷው አንገት ነው።”

ግድግዳው ላይ ልብስ የሚሰቀልበት ረጅም የብረት ዘንግ አለ። እሳቱ አጉብጦታል። ከሥሩ ያለውን አመድ በጫማዬ ጫፍ ገለጥለጥ አደረግኩ። አንድ ዚፕ፣ አንድ የመስቀያ ሽቦ የለም። ጥጥና ሱፍ ይነዳል፣ ብረት ግን የት ይሄዳል?

“ዘንጉ ባዶ ነበር?”

“ተመስገን! ያለቀለት ልብስ ሁሉ ፊት ለፊት መረከቢያው ክፍል ነበር። አንድም የደንበኛ ልብስ አልተነካም።”

ይህን ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ መሀረቡን ከአፍንጫው አወረደ። የእውነት ደስ ብሎት ነበር። ሰው አዳራሹ ተቃጥሎ፣ ዘበኛው ሆስፒታል ገብቶ እንዲህ ደስ ሲለው ገርሞኝ ፊቱን አየሁት።

*

ተኳሿ ቀጭን ሴት ናት። የሥራ ጓደኞቿ “ሽቦ” ይሏታል፤ ብታጎብጣት እንጂ ብትሰብራት አትሰበርም ለማለት። ሳጅኔ ልብ ሳይል በሬዲዮ “አንዲት ተኳሽ ይዘን እየመጣን ነው” ብሎ ኖሮ ጣቢያው በር ላይ መሣሪያ የታጠቁ ባልደረቦች ተሰልፈው ጠበቁን። ሽቦ አየቻቸውና “ለሸሚዝ ነው ይኼ ሁሉ?” አለች።

ቢሮዬ ውስጥ የባለላውንደሪው ጉዳይ አስፈጻሚ ቀድሞን ተቀምጧል። ከቦርሳው አንድ ወረቀት አውጥቶ ፊቷ ዘረጋው። ወረቀቱ፣ ቃጠሎው በራሷ ቸልተኝነት መድረሱን አምና ሥራዋን በፈቃዷ እንደለቀቀች ይላል። ከፈረመች ጌታው አይከሳትም። ካልፈረመች በዘበኛው ቃጠሎ ጭምር ተከሳ እስር ቤት ትገባለች።

“ለራስሽ ነው እህቴ” አላት። “ነገ ሥራ ሰዓት ድረስ እንጠብቅሻለን።”

“ለኔ ከሆነ ምነው አንተ ላበህ መጣ?” አለችው። ወረቀቱን አንስታ በእጇ ጭምድድ አደረገችው፤ ግን አልጣለችውም።

ጉዳይ አስፈጻሚው ሲወጣ ስልኬ ጮኸ፤ አዛዡ ነበር። “ትፈርምና ትሂድ፤ ፋይሉም ይዘጋ” አለኝ።

“ጌታዬ፣ ይቺ ሴት ያላደረገችውን ፈርማ ብትሄድ የዘጋሁት ፋይሉን ሳይሆን አፏን ነው።”

“አንቺ ቁንዶ!”

“ነገ ሥራ ሰዓት ድረስ ይስጡኝ” ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አለቃ ላይ ስልክ መዝጋት ጥሩ አይደለም፤ እኔም ጥሩ ነው አላልኩም።

ሽቦ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

“ካውያው ሶኬት ላይ ነበር?”

“ነቅዬ፣ በተረከዙ አቁሜ፣ ሽቦውን ጠቅልዬ ነው የወጣሁት።”

“ሁሉም የረሳ ሰው አልረሳሁም ይላል።”

“ልክ ነዎት” አለች። “እኔ ግን አልረሳሁም። አልፈርምም። ቢፈልጉ ከካውያው ጋር አብረው ይሰሩኝ።”

“ልጆች አሉሽ?”

“ሁለት። ብታሰር ማን ያሳድጋቸዋል ሊሉኝ ነው? ስፈርም ቢያዩኝስ ማን ነው የሚያሳድጋቸው?”

ምን ልበላት? በልቤ ጎሽ አልኩ፤ በአፌ ግን ፖሊስ ነኝና፣ “ያለቀላቸው ልብሶች የት ነበሩ?” ብዬ ጠየቅኳት።

“አዳራሹ ዘንግ ላይ ናቸዋ። እንፋሎቱ እንዲወጣላቸው ያድራሉ። ወደ መረከቢያው የምናወጣቸው በማግስቱ ነው።” ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። “ውይ! ሁሉም ተቃጠለ? የሙሽራዋም ቀሚስ? የሰው ልብስ!”

መታሰሯ ያላስለቀሳትን ሴት የሰው ቀሚስ አስለቀሳት። መረከቢያው ክፍል ውስጥ ደህና መሆኑን ስነግራት እንባዋን ጠረገች። ወዲያው ግን፣

“ማን ወሰደው?” አለች።

እኔም እሱኑ እያሰብኩ ነበር። ካውያ የረሳ ሰው እሳት ሊነሳ ነው ብሎ ልብስ አያሸሽም። ልብሱን ያወጣ ሰው እሳቱ እንደሚመጣ ያውቃል ማለት ነው። ሽቦ እውነቷን ከሆነ ይህ ቸልተኝነት አይደለም፤ አንድ ሰው ሆን ብሎ ለኩሶታል።

*

መረከቢያው ክፍል ከመንገዱ ፊት ለፊት ነው። ረጅም ባንኮኒ አለው፤ ከባንኮኒው ጀርባ ልብሶቹ በላስቲክ ተሸፍነው ተሰቅለዋል። ከአዳራሹ የሚያገናኘው ኮሪደር በር መቆለፊያው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ውስጥ ያለ ማንም ያልፋል።

እያንዳንዱ ልብስ አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ጨርቅ ተሰፍታበታለች። ሳጅኑ ከዳር ጀምሮ ማንበብ ጀመረና ተስፋ ቆረጠ።

“ቁጥሩ የተዘበራረቀ ነው። የፊተኛው ኋላ፣ የኋለኛው ፊት። ያመጣው ሰው ደንግጦ ነበር ማለት ነው።”

እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆሜ አየሁት። የሙሽራዋ ቀሚስ ከዳር ነው፤ ከጎኑ ነጭ ሸሚዞች፤ ቀጥሎ ክሬምና ሰማያዊ፤ ወደ ማዶኛው ጫፍ እየጠቆረ ሄዶ መጨረሻው ላይ ጥቁር ኮት። የመስቀያዎቹ መንጠቆዎች አፋቸውን ሁሉ ወደ ግድግዳ አዙረዋል፤ አንድም ያፈነገጠ የለም።

“የደነገጠ ሰው ቀለም ይመርጣል?” አልኩት።

ሳጅኑ ራሱን አከከ። “ታዲያ ሽቦ ናታ! ከሷ በላይ ለልብስ የሚሳሳ ማን አለ? ራሷ አወጣችው፣ ራሷ ለኮሰች፣ ለበቀል። ጌታው ሕንፃውን ሸጦ ሊበትናቸው አይደል?”

አነጋገሩ ውሃ የሚያነሳ መሰለኝና ተናደድኩ። አሁን ያቺ ሴት በቸልተኝነት ሳይሆን በቃጠሎ ወንጀል ልትጠየቅ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ላድናት ብዬ ጭራሽ ገደል ጫፍ አድርሻታለሁ።

*

ደግነቱ፣ የረሳ ሰው የት ነበርኩ ብሎ ቢመሰክር አይጠቅመውም፤ ለኳሽ ነው የተባለ ግን ሌላ ቦታ ከነበረ ይድናል። ሽቦ ከሥራ ወጥታ የሄድኩት ጠበቃ ዘንድ ነው ብላለች።

ጠበቃዋ ከአንድ የጫማ መደብር በላይ ጠባብ ቢሮ አላት። በዕረፍት ቀንም አግዳሚ ወንበሯ ሙሉ ነው። ስንገባ አንድ ጎልማሳ ላይ ስታፈጥ ደረስን።

“ቤቱን አይተኸዋል?”

“ደላላው በስልክ ፎቶውን አሳይቶኛል።”

“ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ሂድና እየው። ጎረቤት ጠይቅ፤ ማን ይኖርበታል፣ ማን ይከራከርበታል በል። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ታግዶ እንደሆነ ከመዝገብ ቤት አጣራ። ሚስቱ ካለች ሚስቱም ትፈርም። ከዚያ በፊት እጅህን ከኪስህ እንዳታወጣ።”

ሰውየው አመስግኗት ወጣ። ለእኛ ወንበር የለምና ቆመን ጠየቅናት።

“ሁሉም እዚህ ነበሩ” አለች። “ተኳሾቹም፣ አጣቢዎቹም። ሽቦ አምጥታቸው ከሥራ በቀጥታ መጡ። አግዳሚው አልበቃ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። የእሳቱ ወሬ የደረሰን እዚሁ ሆነን ነው። ሽቦ ከዚያች በር ላይ ፈቀቅ አላለችም፤ ጥያቄ ስትጠይቀኝ ነበር፣ መላ ቅጤን ነው ያጠፋችው!”

ሳጅኑ አቀረቀረ።

“ምን መከርሻቸው?”

“ለሁሉም የምለውን። ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ያላነበባችሁት ላይ አትፈርሙ። ተባራችኋል ሲሏችሁ ‘በጽሑፍ ስጡኝ’ በሉ። ጌታው ‘ሕንፃው ተሽጧል፣ በፈቃዳችን ለቀናል ብላችሁ ፈርሙ’ ብሏቸው ነበር። ቤት ሲሸጥ የሥራ ውል አብሮ አይሸጥም አልኳቸው። ሊያሰናብታቸው ከፈለገ ማስጠንቀቂያም ካሳም አለበት። ካልሆነ ሥራውን ሌላ ቦታ ይዟቸው ይሂድ። እነሱም አንለቅም አሉ።”

“ከዚያ ማምለጫ የለውም?”

ጠበቃዋ ብዕሯን አስቀመጠች። “አንድ አለ። ሠራተኛ በከባድ ቸልተኝነት ንብረት ካወደመ ያለ ማስጠንቀቂያ ይባረራል። የሥራው ቦታ ከነደደ ደግሞ የቀሩትን ‘የት ላሠራችሁ?’ ይላቸዋል።” አየችኝ፤ አየኋት።

“ሕንፃው የእሱ ነው?” አልኳት።

“የእናቱ ነው። ላውንደሪውን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው፤ ፎቁ ላይ ይኖራሉ። እሱ ውክልና አለኝ ይላል። ውክልናው መብራትና ግብር እንዲከፍል ከሆነ ግን ቤት አይሸጥበትም። ‘ይሽጥ’ ተብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። ይኼን ሳያይ የገዛ ሰው ካለ ቢሮዬ እዚህ ነው በሉት።”

*

ዘበኛው ሁለቱም እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለው አልጋው ላይ ትራስ ተደግፏል። ሽማግሌ ነው። ላውንደሪው ውስጥ ያረጀ፤ እናትየው ካውያ በከሰል ከሚያሞቁበት ዘመን ጀምሮ የነበረ።

“አባባ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት። እሳቱ ሲነሳ የት ነበሩ?”

“ጌታው ልኮኝ ነበር፣ ልጄ። አምፖል ግዛ አለኝ። ‘ሱቁ እዚህ ጥግ አለልህ’ ብለው፣ ‘አይ፣ ከገበያው ነው የሚሻለው’ አለኝ።”

“ሠራተኞቹ ሲወጡ አብሮ ወጣ?”

“ከነሱ ጋር ሲወጣስ አይቻለሁ። ግን ወዲያው ተመለሰና ላከኝ። ስሄድ በመስኮት አየሁ፤ ልብሱ ዘንጉ ላይ ጢም ብሎ ነበር። ስመለስ ደግሞ ጭስ! ልብሱ አለቀ ብዬ ገባሁ። ጨለማ ነው፣ አይታይም። ዘንጉን በእጄ ዳበስኩት።” የተጠቀለሉ እጆቹን አየ። “ብረት ነዋ፤ ግሎ ነበር። ባዶ መሆኑን ያወቅሁት ቆዳዬ ሲላጥ ነው።”

“ለሸሚዝ ብለው እሳት ውስጥ ገቡ?” አለ ሳጅኑ።

ሽማግሌው ተቆጣ። “ሸሚዝ? የሰው ልብስ ነው እንጂ! ያንተ ቢሆን በተቃጠለ። የሰው ነው።”

ኮሪደር ላይ ሳጅኑ ክንዴን ያዘኝ። “ሁሉን ያውቃል፣ ቁልፍ አለው፣ ብቻውን ነበር። እሱ ቢሆንስ?”

“ልብሱን ያወጣው ራሱ ከሆነ ምን ሊያወጣ ገባ?”

አሰበበት። “እውነትዎን ነው” አለ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሽማግሌው ክፉ አልተናገረም።

*

ገዢው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ከጎማ ክምር መሀል ተቀምጦ ስለ እሳቱ ስንነግረው ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

“ያፈርሱታል፣ አይደል?” አልኩት።

“አዎ፣ ላፈርሰው ነው የገዛሁት።”

“እንግዲያው ቢቃጠልም አይጎዳዎትም።”

“አይጎዳኝም። ቢሆንም እኔ አልለኮስኩም። እኔ ያልኩት ቁልጭ ያለ ነገር ነው፤ ሕንፃውን ባዶ አድርገህ አስረክበኝ፣ ካልሆነ ውሉ ፈረሰ። ሠራተኛ ውስጡ ያለበት ሕንፃ ከነጭቅጭቁ ነው የሚገዛው። እንዴት ባዶ እንደሚያደርገው የሱ ጉዳይ ነው።”

ዓይን አውጣነቱ አስጠላኝ። ግን የላውንደሪው የውጭ በር ቁልፍ የለውም፤ ሱቁ ውስጥ የነበሩ ደንበኞችም አይተውታል። ከዚያ በላይ ደግሞ ይህ ሰው የሰው ልብስ ሊያድን ቀርቶ ጎረቤቱን ለማዳንም የሚቸኩል አይመስልም።

“ባለላውንደሪው ትናንት ከእርስዎ ጋር ሻይ ጠጥቷል?”

“ጠጥቷል። ግን እዚህ ሱቄ አርፍዶ ነው የመጣው፤ የኔ ሻይ ቀዝቅዞ አስቀይሬያለሁ። መኪናዬ አልነሳ አለችኝ አለ። ጸጉሩ እርጥብ ነበር፣ አሁን የታጠበ ሰው ይመስል ነበር።”

“ውክልናውን አይተውታል?”

“አለኝ ብሎኛል።”

“ከአንድ የጫማ መደብር በላይ ያለች አንዲት ጠበቃ አለች” አልኩት። “ቶሎ ይሂዱ።”

ስንወጣ ሳጅኑ አጨበጨበ። “ያዝነው!”

“ምኑን ያዝነው? ዘግይቶ ሻይ መጠጣት ወንጀል ነው? ረስቼው የሄድኩት ነገር ነበረኝና ተመለስኩ፣ ገላዬን ታጠብኩ ይላል። በዚያ ላይ ካውያ ይዞ አያውቅም። ልብሱን ያወጣው ግን ሥራውን የሚያውቅ እጅ ነው።”

ቢሆንም አንድ ነገር ይጎረብጠኝ ነበር። አንድም ልብስ አልተነካም ሲለኝ የነበረው ፊቱ። ቢሮ ብቻ የሚቀመጥ ሰው ለሰው ሸሚዝ እንደዚያ አይደሰትም።

*

እናትየውን ያገኘኋቸው ልጃቸው ቤት ነው፤ የባለላውንደሪው እህት ዘንድ። ስለ እሳቱ ማንም አልነገራቸውም። “ይደነግጣሉ” አለችኝ ልጅቷ በሹክሹክታ። አሮጊቷ ግን የሚደነግጡ ዓይነት አልመሰሉኝም። ቁመታቸው አጭር፣ ክንዳቸው እንደ ወጣት የጠነከረ ነው።

“ምን ሆኖ ነው ፖሊስ የመጣው? ተናገሪ፣ ልጄ፤ እኔ ከሰል ያስረጀኝ ሰው ነኝ።”

ነገርኳቸው። የጠየቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው።

“ሰው ተጎዳ?”

“ዘበኛው እጁ ተቃጥሏል። ይድናል ብለዋል።”

ከንፈራቸውን ነከሱ። “የሰው ልብስስ?”

“ተርፏል፣ እማማ።”

“ይመስገነው።” ቆይተው፣ “ልጄ ትናንት ጠዋት ‘እማዬ፣ እህቴ ጋ ሄደሽ ተናፈሺ’ ብሎ ራሱ ይዞኝ መጣ። ዓመት ሙሉ ውሰደኝ ስለው ሥራ በዛብኝ እያለ። እግዜር አወጣኝ ማለት ነው!” አሉ።

እግዜርን አላማሁትም። “ውክልና ሰጥተውታል?” ብቻ አልኳቸው።

“ለመብራትና ለውሃ፣ ለግብርም። ወረፋው ጉልበቴን ሲጨርሰው ጊዜ። ምነው?”

“ሕንፃው ሊሸጥ እንደሆነ ያውቃሉ?”

አሮጊቷ ነጠላቸውን አነሱ።

“ውሰጂኝ” አሉ።

*

ባለላውንደሪውን መረከቢያው ክፍል ጠራሁት። ሽቦንም አስመጣኋት። እሷ ከበሩ አጠገብ፣ ያቺን የተጨማደደች ወረቀት በእጇ እንደያዘች ቆማለች። እሱ እናቱን ሲያይ ቀለሙ ተለወጠ።

“እማዬ! ማን አመጣሽ? ጭሱ ይጎዳሻል።”

“ጭስ ነው ያሳደገህ” አሉትና አልፈውት ወደ ልብሶቹ ሄዱ።

እኔ ምንም አልነገርኳቸውም። ሳጅኑንም አፍህን ያዝ ብዬዋለሁ። አሮጊቷ ከሙሽራዋ ቀሚስ ጀምረው በዝግታ ተራመዱ። ጥቁሩ ኮት ጋ ሲደርሱ ፊታቸው በራ።

“ጎሽ! ማን ነው እንዲህ አሳምሮ የሰቀለው?”

“እኔ አይደለሁም፣ እማማ” አለች ሽቦ። “እኛ በቁጥር ነው የምንሰቅለው።”

“አውቃለሁ። እናንተ ስትገቡ ቁጥር መጥቶ ነበር።” ወደ እኔ ዞሩ። “ድሮ ልጄ፣ ቁጥር የሚባል ነገር የለም። ቀለም ይለቅ ስለነበር ነጭ ከነጭ ነው፣ ጥቁር ከጥቁር። መንጠቆው ደግሞ ሁሉም ወደ ግድግዳ። ካውያው የከሰል ስለሆነ ፍም ይወድቃላ! እሳት ከተነሳ ልብሱን በአንድ እቅፍ ላጥ አድርገሽ ትወጫለሽ። መንጠቆው ከተዘበራረቀ ግን ይያያዝና ሁሉም ይነዳል። ይኼን ያስተማርኩት ሁለት ሰው ነው። አንዱ ዘበኛዬ ነው።”

“ሁለተኛውስ?” አልኳቸው።

“ሁለተኛውማ ቁመቱ አልደርስ ብሎት ሳጥን ላይ ቆሞ…”

ሳቃቸው እዚያው ደረቀ። ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

“ካውያ ይዤ አላውቅም ብለውኝ ነበር” አልኩት።

“ይሄ… ይሄ ማስረጃ አይደለም” አለ። “ዘበኛው ነዋ! እማዬ ራሷ እሱም ያውቃል ብላለች’ኮ!”

“ዘበኛው ልብሱን ሊያወጣ ብሎ ነው የተቃጠለው። ዘንጉን በእጁ ሲዳብስ። እርስዎ አምፖል ግዛ ብለው ሲልኩት ዘንጉ ሙሉ ነበር፤ ሲመለስ ያገኘው ጭስ ነው።”

“ባዶ ነበር’ኮ! ምን ሊሠራ ገባ? ባዶ ክፍል ውስጥ!”

ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው የሰማው። ሳጅኑ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ተጠጋ።

“ባዶ መሆኑን እሱ በምን ይወቅ?” አሉ አሮጊቷ። ድምፃቸው አልጮኸም። “የሰው ልብስ እሳት ውስጥ አይተውም ብዬ አንተን ያስተማርኩ ቀን እሱንም አስተምሬዋለሁ።”

“እማዬ፣ ሕንፃው አርጅቷል። ምን እናደርገዋለን? ሠራተኞቹ አንለቅም አሉ፣ ገዢው ባዶ ካልሆነ አለ። አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ማንም እንዲጎዳ አልፈለግሁም። እይው፣ አንድ ሸሚዝ እንኳ አልተነካም!”

“ለምን አወጣኸው?”

“የሰው ነዋ!” አለ፣ እንደ ሕፃን።

አሮጊቷ ወደ ሽቦ ሄደው እጇን ይዘው አመጧት፤ ፊቱ አቆሟት።

“ይቺስ?” አሉት። “ይቺ የማን ናት? የተኮሰችውን ቀሚስ አድነህ እሷን እሳት ውስጥ የተውካት?”

ቀና ብሎ ልብሶቹን አየ፣ ከዚያ ጫማውን አየ። አዘንኩለት፤ ግን አልማርኩትም። እጁን ስይዘው አልተቃወመም። ካውያውን ራሱ ሶኬት ላይ ሰክቶ በፊቱ እንደደፋው፣ እጁና ጸጉሩ ጭስ ጭስ ሲለው ቤቱ ሄዶ እንደታጠበ መኪናው ውስጥ ሳንጠይቀው ነገረን።

*

በማግስቱ ሥራ ሰዓት ላይ አዛዡ ደወለ። “ፈረመች?”

“እሱ ፈረመ” አልኩት። “ቃሉን ሰጥቶ።”

“እህ…” አለና፣ “ነገሩማ ከመጀመሪያውም ግልጽ ነበር” ብሎ ዘጋው። ይህን ጊዜ ስልኩን ቀድሞ የዘጋው እሱ ነው።

ሽቦን የምስክርነት ቃሏ ላይ እንድትፈርምልኝ ልፈልጋት ላውንደሪው ሄድኩ። መረከቢያው ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ከአጣቢዎቹ ቤት የመጡ ካውያዎች ሰክተው ሥራ ጀምረዋል። አሮጊቷን በሩ ላይ ጫማቸውን እያጠበቁ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ሌሊቱን አልተኛም፤ ግን አንገታቸው ቀጥ ብሏል።

“ወዴት ነው፣ እማማ?”

“ውል ማጽደቂያ። ውክልናዬን ላነሳ። ከዚህ በኋላ መብራቴንም ራሴ እከፍላለሁ፣ ወረፋውም ይግደለኝ።” ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ከዚያ እስር ቤት አልፋለሁ። ቅያሬ ልብስ ይዤለታለሁ። ልጄ ነው፤ ምን ላድርግ!” አሉ። ፌስታላቸው ውስጥ ያለው ሸሚዝ በደንብ ተተኩሷል።

በዚህ መሀል ጉዳይ አስፈጻሚው ደረሰ። ወሬውን ገና ያልሰማ ሰው፣ ክራባቱን እያስተካከለ ገባ።

“እህቴ፣ ሰዓቱ ደርሷል። ያቺ ወረቀት?”

ክፍሉ ውስጥ ያለ ካውያ ሁሉ ቆመ። ሽቦ ከኪሷ የተጨማደደችውን ወረቀት አወጣች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ውሃ ነካ አድርጋባት፣ በላይዋ ጨርቅ ጣል አድርጋ ካውያውን አሳለፈችባት፤ አንዴ፣ ደግማም። ወረቀቷ ቀጥ አለች። በጥንቃቄ ሁለት ቦታ አጥፋ በሁለት እጇ ሰጠችው።

ሰውየው ገልጦ አየና ግራ ገባው። “ፊርማ የለውም’ኮ።”

“የለውም” አለች ሽቦ። “የሰው ወረቀት ስለሆነ ግን ተኩሼዋለሁ።”